ለኮንክሪት ወለል የብረት ፋይበር ይሻላል ወይስ የፕላስቲክ?

ኮንክሪት ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ቶሎ እጅ ይሰጣል። ጉተታን የመቋቋም አቅሙ ጭነትን ከሚቋቋምበት አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፋይበር፣ ማለትም ኮንክሪቱ ውስጥ የሚደባለቅ አጫጭር ክር፣ መሰንጠቁን ጨርሶ አያስቀርም። የሚገዛውም በዋናነት ከተሰነጠቀ በኋላ እንዲሸከም ነው። ብዙ ገዢ ይህን ስለሚረሳ የተሳሳተ ቁጥር ያወዳድራል።

ገበያው ላይ ያለው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፦ እንደ ፀጉር የቀጠነው የፖሊፕሮፒሊን ማይክሮ ፋይበር፣ ወፈር ያለው ማክሮ የፕላስቲክ ፋይበርና የብረት ፋይበር።

ማይክሮውን ቶሎ እንለፈው። ሥራው ኮንክሪቱ ሳይጠነክር፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመጣውን ስንጥቅ መቀነስ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ከ1 ኪሎ በታችም ይበቃል። እሳት ሲነሳ ደግሞ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ኮንክሪቱ ውስጥ ለሚፈጠረው እንፋሎት መውጫ ይከፍታል። ለዚህም ነው በዋሻ ግድግዳዎች ውስጥ የሚጨመረው። «ፌሮ ይተካል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ግን ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

እውነተኛው ፉክክር በማክሮውና በብረቱ መካከል ነው። የሚለያቸው ግትርነት ነው፤ ማለትም ሲጎተቱ ያለመለጠጥ አቅም። የብረት ግትርነት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን የማክሮ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ነው። ስለዚህ ብረቱ ስንጥቁ ገና ቀጭን እያለ ይይዘዋል። ፕላስቲኩ በደንብ መያዝ የሚጀምረው ስንጥቁ ከፈት ካለ በኋላ ነው። ፎርክሊፍት ቀን ከሌት ለሚመላለስበት ወለል እኔ ብረቱን እመርጣለሁ። ዋሻ ውስጥ ለሚረጭ ኮንክሪት፣ አለቱ ሲገፋ ብዙ መለጠጥ ስለሚፈለግ፣ ፕላስቲኩ አያሳፍርም።

ፕላስቲኩ ሌላም ድክመት አለበት። ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ ስንጥቁም አብሮት ይሰፋል። በሌላ በኩል አይዝግም። የብረት ፋይበር ላይ ላዩን ይዝግና ወለሉን ያዥጎረጉራል። ውስጥ ያለው ግን ቀጭን ስለሆነ እንደ ዛገ ፌሮ ኮንክሪቱን አይፈነቅልም። ውበቱ ለሚያስጨንቀው ሰው፣ ወይም ጨዋማ ውሃ ለሚነካው ሥራ፣ ፕላስቲኩ ይሻላል።

ዋጋን በኪሎ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ብረት በሜትር ኩብ 7850 ኪሎ ይመዝናል፤ ፖሊፕሮፒሊን 910 ገደማ ነው። ለወለል በሜትር ኩብ ኮንክሪት የሚገባው ብረት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኪሎ፣ ማክሮ ፕላስቲክ ደግሞ ከ3 እስከ 8 ኪሎ ነው። ማወዳደር ያለብዎት እኩል ቀሪ ጥንካሬ (ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚቀረው የመሸከም አቅም) ለማግኘት አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ስንት እንደሚያስወጣ ነው።

ቀሪ ጥንካሬ የሚባለው ከየት ይመጣል? የአውሮፓው ኢኤን 14651 መለኪያ ወርዱም ከፍታውም 150 ሚሊሜትር የሆነ የኮንክሪት ቢም (አግዳሚ) ይወስዳል። መሃሉን ከሥር 25 ሚሊሜትር ያህል በመጋዝ ይቆርጠዋል። ከዚያ ከላይ እየተጫነ የቁርጡ አፍ ምን ያህል እንደተከፈተ ይለካል። 0.5 ሚሊሜትር ሲከፈት ያለው ጥንካሬ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት፣ 2.5 ሲደርስ ያለው ደግሞ ለመጨረሻው አቅም ይታያል። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ስዊድናዊው ተመራማሪ ሂለርቦርግና ባልደረቦቹ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ነው፦ የኮንክሪት ስንጥቅ አንዴ ስለተከፈተ ወዲያው ባዶ አይሆንም፤ እየሰፋም ጉልበት ያስተላልፋል። ፋይበር ይህን ጉልበት ያራዝመዋል።

ከረጢቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፋይበሩ የራሱ ጥንካሬ፣ «1100 ሜጋፓስካል» ምናምን፣ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ጥሩ ፋይበር ሳይበጠስ፣ እየተፋተገ ተመዞ መውጣት አለበት። ኮንክሪቱ በጣም ጠንካራ ሆኖ የፋይበሩን ቆልማማ ጫፍ አልለቅ ካለ፣ ደካማው ሽቦ ጠብ ይልና አቅሙ በአንዴ ይወርዳል። ለጠንካራ ኮንክሪት ጠንከር ያለ ሽቦ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቀጭንና ረጅም ፋይበር የተሻለ ይይዛል፤ ግን ሚክሰር ውስጥ እየተጠቀለለ ያስቸግራል።

ሻጩን የምርመራ ውጤት ይጠይቁት። ኮንክሪቱ ምን ደረጃ ነበር? ስንት ኪሎ ገባ? ስንት ቢም ተሰበረ? የእነዚህ ቢሞች ውጤት በጣም ስለሚለያይ አንድ ያማረ የግራፍ መስመር ማስታወቂያ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የተጻፈው አማካይ ከሆነም ዝቅተኛውን ውጤት ያስጨምሩ።

ሳይት ላይ ደግሞ ከመኪናው ትኩስ ኮንክሪት ወስደው ያሳጥቡ። ብረቱን በማግኔት ይለቅሙታል፤ ፕላስቲኩ ራሱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ደርቀው ሲመዘኑ የከፈሉበት ኪሎ መግባት አለመግባቱን ያውቃሉ።