የብሩክሊን ድልድይ የቡድን ፎቶ ጉዞ፦ ጠዋት ይሻላል

ኒው ዮርክ ውስጥ ብሩክሊንን ከማንሃተን የሚያገናኘውን ድልድይ መሻገር በነፃ ስለሆነ፣ ለቡድን ጉዞ መክፈል የሚያዋጣው አስጎብኚው እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው የካሜራ ስክሪን የሚያይ ከሆነ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ከብሩክሊን በኩል የሚነሳውን ይምረጡ። ብርሃኑ ከጀርባ መጥቶ የማንሃተንን ሕንፃዎች ያበራቸዋል፤ ማታ ግን ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለምትጠልቅ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ይህንንም የሚወድ አለ።

ብስክሌቶች በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ መኪናው መንገድ መውረዳቸው እፎይታ ነው። ያም ሆኖ የእግረኛው መንገድ አንዳንድ ቦታ ላይ ስፋቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ ከ10 ሰው በላይ ያለው ቡድን ራሱ መንገድ ይዘጋል።

ትልቁ ችግር የእንጨቱ ወለል መንቀጥቀጡ ነው። ከሥር መኪና ባለፈ ቁጥር ትራይፖዱም (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ) አብሮ ይርገበገባል፤ በ10 ሰከንድ የተነሳ ፎቶ ላይ ቀጫጭኖቹ ገመዶች ይደበዝዛሉ። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን የሚወስነውን ቁጥር) 1600 አድርጎ በ1/125 ሰከንድ በእጅ ማንሳት ይሻላል። ረጅም ኤክስፖዠር (ለብዙ ሰከንድ ብርሃን እያስገባ የሚነሳ ፎቶ) የፈለገ ወንዙ ዳር ወዳለው ብሩክሊን ብሪጅ ፓርክ ይውረድ።

በ1883 እ.ኤ.አ. ለተመረቀው ድልድይ የድንጋይ ማማዎች ሰፊ እይታ የሚይዝ ከ16 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። የመንገዱ መሃል ላይ ቆመው ካሜራውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ትንሽ ወደ ላይ ካቀና ማማው ከነሁለት ቅስቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።