ከግቢው በር ወረድ ብላ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት

ደብረ ብርሃን ምህንድስና የምትማሩ፣ መመረቂያ ጽሑፍ የምታሳትሙ ከሆነ ይቺን ጠባብ ቤት እመክራለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እነግራችኋለሁ።

የኛ ጥናት ኮንክሪት ላይ ነበር። ጎኑ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የኩብ ቅርጽ በኮንክሪት ትሞላለህ፣ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥንካሬውን ለመለካት ትሰብራለህ። በዚህ ላይ የከተማው ብርድ! ውሃው ከቀዘቀዘ ሲሚንቶው ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ አማካሪህ «ድገሙት» ይላል፣ ሌላ 28 ቀን ማለት ነው፣ ኅትመቱም ለማስረከቢያው ዋዜማ ይተርፋል።

ቤቷ ውስጥ የምትሠራው ልጅ የምታስፈልገው ያኔ ነው። ሠንጠረዥ ገጽ አልፎ ሲቆረጥ ሳትነግራት ታየዋለች። ትልቁን የኤ3 ወረቀት ስዕልም አጣጥፋ ጥራዙ ውስጥ ቁጭ ታደርገዋለች። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላቸው። ዋጋው ያው ነው።

ችግሩ ኮምፒውተሮቹ ናቸው፣ ቫይረስ አለባቸው። ፍላሽህን ሰክተህ ስትነቅል ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት (የአቋራጭ ምልክት ብቻ) ሆኖ ይጠብቅሃል። የኔ የቤተ ሙከራ ዳታ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ለካ ተደብቆ እንጂ አልጠፋም፣ ግን እስክታውቅ ነፍስህ ትወጣለች። ስለዚህ ፒዲኤፍ አድርገህ በቴሌግራም ላክላት። ወርድ ከላክህ እኩልታዎቹ ይዘባረቃሉ። ሰኔ ላይ ደግሞ በጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት ወረፋው አይቻልም።