ለማግኔት ማሰለፊያ የቱ ይገዛ? ቶታል ስቴሽን፣ ሌዘር ትራከር ወይስ የተወጠረ ሽቦ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የቅንጣት አፋጣኝ ማግኔት ማሰለፍን የሚያስተምር ላቦራቶሪ ልታደራጁ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ የምትለኩት ብረቱን ነው ወይስ መግነጢሳዊ መስኩን? በአፋጣኙ ውስጥ የሚሮጠውን የቅንጣቶች ጨረር የሚሰበስበው ባለ አራት ዋልታ ማግኔት (ኳድሩፖል) መሃሉ ላይ መስኩ ዜሮ ነው፤ ከመሃል በተራቀ ቁጥር ይበረታል። ማግኔቱ ከመስመር ትንሽ ከወጣ ጨረሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ አፋጣኞች 0.1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አሰላለፍ የሚጠይቁት።

ቶታል ስቴሽንን፣ ማለትም አንግልንና በብርሃን ርቀትን የሚለካውን መሣሪያ፣ ቀያሽ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ስህተቱ ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለሚደርስ የማግኔት መቆሚያዎቹን ቦታ ወለሉ ላይ ከማመልከት አያልፍም። ለዚያም ቢሆን የአካባቢውን የአየር ግፊት ቁጥር ሳታስገቡበት አትለኩበት፤ የብርሃን ፍጥነት በአየሩ ጥግግት ይለያያልና። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ግፊቷ ወደ 750 ሄክቶፓስካል ነው። መሣሪያው ላይ የባሕር ጠለል ግፊት ቁጥር እንደገባ ከቀረ በ10 ሜትር ርቀት 0.7 ሚሊሜትር ያህል ያሳስታል።

ሌዘር ትራከር ይህን እርማት በራሱ ዳሳሽ ይሠራል። ማግኔቱ ላይ የተቀመጠችውን አንጸባራቂ ኳስ እየተከተለ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ከ0.05 ሚሊሜትር ባነሰ ስህተት ይለካል። ዋጋው ግን ከመቶ ሺህ ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው፤ ለካሊብሬሽን (ትክክለኛነቱን ለማስፈተሽ) ውጭ አገር በተላከ ቁጥር ደግሞ የጉምሩክ ደጅ መጥናት አለ። ለማስተማሪያ አልመክረውም።

የእኔ ምርጫ ሽቦው ነው። 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብና የቤሪሊየም ቅይጥ ሽቦ በማግኔቶቹ ቀዳዳ አልፎ ጫፉ ላይ ክብደት ይንጠለጠልበታል። የብረት ሽቦ ማግኔቱ ስለሚስበው አይሆንም። ከዚያ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ድግግሞሹ ከሽቦው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ሽቦው እንደ ክራር ክር ይርገበገባል (የባቲና የአምባሰል አገር ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም)። ማግኔቱን በማስተካከያ ብሎኑ ቀስ እያላችሁ ስታንቀሳቅሱት መርገብገቡ የሚጠፋበት ነጥብ የመስኩ መሃል ነው። ትራከሩ የሚያሳያችሁ ግን የብረቱን ገጽ ነው፤ የመስኩና የብረቱ መሃል ደግሞ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዳበረ ነው።

ጉድለቱ መርገቡ ነው። 6 ሜትር ሽቦ 700 ግራም ተንጠልጥሎበት መሃሉ ላይ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይረግባል። ይህ በስሌት ስለሚታወቅ ከከፍታው ልኬት ይታረማል፤ ለጎን ልኬት አያሳስብም። ነፋስ ግን ስለሚያወዛውዘው መስኮቱን ዝጉ።

መደዳው ከ10 ሜትር በላይ ከረዘመና ብዙ ማግኔት ካለው ትራከር ለጥቂት ቀን ተከራዩ። ካልሆነ ሽቦውን ከጥሩ የውሃ ልክና ከዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በቀስት ከሚያሳይ መለኪያ) ጋር ግዙ፤ ሽቦ ሲወጠር ስለሚበጠስ ትርፍ ጥቅልል ጨምሩበት።