ያለ ጀነሬተር እናቴን በሰላም ላስተኛልኝ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረስ

ይህን ጽሁፍ እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ዛሬ ቁርስ ላይ እማዬ "ያን ልጅ አመሰገንሽው ወይ?" ስትለኝ አፈርኩ። ሳህን እንኳ ሳላነሳ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። ባለቤቴ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በወር ውስጥ ቤት የሚያድርባቸው ቀናት ይቆጠራሉ። ካቻምና ጡረታ ከወጡ ባልና ሚስት ላይ ያገለገለ ሞተርሆም ገዛን። ለማታውቁት፣ አልጋውም ማድቤቱም ሽንት ቤቱም ውስጡ ያለ መኪና ነው። ብዙ ሰው "ምን ሊያደርግላችሁ ነው?" ብሎናል። እኔ የገዛሁት ለእማዬ ብዬ ነው። ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሆቴል አትወድም። የጾም ምግብ አይገኝም፣ ሌሊት ተነስታ ስትጸልይ ሰው የምትረብሽ ይመስላታል። በሞተርሆም ግን እንጀራዋን፣ ሽሮዋንና ጀበናዋን ይዛ ነው የምትሄደው። ቤቷን ይዛ የሄደች ያህል ነው።

ችግራችን አንድ ነበር። እማዬ እንቅልፍ ላይ ትንፋሿ ይቋረጣል። ሐኪሟ ሲፓፕ የሚባል ማሽን አዘዘላት፣ ማታ ማታ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። ማሽኑ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይፈልጋል።

የመጀመሪያ ጉዟችን ባለፈው መስከረም ወደ ዮሰሚቲ ነበር። እዚያ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የካምፕ ቦታዎች አንዱም መኪና የሚሰካበት መብራት የለውም። እኔ "ጀነሬተር አለን" ብዬ ተማምኜ ነው የሄድኩት። ለካ ጀነሬተርም ሰዓት አለው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ ከምሽቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የሚባል ነገር አይፈቀድም። ልክም ናቸው፣ ያንን ሁሉ ተራራና ዛፍ ለማየት የመጣ ሰው የእኔን ሞተር ሲሰማ ማደር የለበትም። ባትሪው ያደርሳታል ብዬ ተኛሁ።

ንጋት ላይ ስነቃ እማዬ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ቁጭ ብላለች። ማሽኑ ጠፍቷል።

"መቼ ነው የጠፋው?" አልኳት።

"ቆየ" አለችኝ።

በኋላ ስጨቀጭቃት ነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እንደዚያ ቁጭ ብላ እንዳደረች የነገረችኝ። ብተኛ ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ልጄን ብቀሰቅስ ደግሞ ነገ መኪና የምትነዳው እሷ ናት ብላ ነው። ያን ቀን ተራራው አልታየኝም። ኤል ካፒታን የሚባለው ትልቅ ቋጥኝ ስር ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የገባሁበትን ጣጣ ስም ሳልጠራ ልንገራችሁ። አንደኛው ትልቅ ጋራዥ ነበር። ሰውየው ገና ከመኪናው ስወርድ "ባልሽ የለም?" አለኝ። ከዚያ እያወራሁት እኔን ትቶ የ14 ዓመቱን ልጄን እያየ ነው የሚመልሰው። መፍትሔው ከበፊቱ የሚበልጥ ጀነሬተር መግዛት ነው አለ። ሌሊት እኮ አይፈቀድም ስለው "እንግዲያው ሌላ ቦታ ሂዱ" አለኝ። እናቴ ትንፋሽ ያጥራታል ብዬው ነው እንዲህ ያለኝ!

ሁለተኛው ደግሞ ሲያወራ ማር ነው። ባትሪና ኢንቨርተር፣ ማለት የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚያደርገውን ዕቃ፣ አስገባልሻለሁ ብሎ ከ2,000 ዶላር በላይ ተቀበለኝ። መኪናውን ሦስት ሳምንት አቆየብኝ። ግቢያችን ውስጥ በሞከርነው በሁለተኛው ሌሊት ኢንቨርተሩ መጮህ ጀመረ፣ የእማዬም ማሽን ስህተት የሚል ጽሁፍ አወጣ። ስደውልለት "ማሽኑ ነው የተበላሸው" አለኝ። ማሽኑ ቤት ውስጥ ስንሰካው ደህና ይሠራል። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ስልኩንም ተወው። ሌላው መኪናውን እንኳ ሳያይ በስልክ 9,000 ዶላር አለኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ "በቃ እንሽጠው" ብሎ ነበር። እኔም ልቤ ተቆርጦ ነበር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ችግሬን ሰማችኝ። ዘመዷ ቡና የሚሸጥበት መኪና አለው፣ ድሮ በጀነሬተር ነበር የሚሠራው፣ አሁን በባትሪ አድርጎ ሰላም አገኘ አለችኝ። የሠራለት ልጅ ሐበሻ ነው፣ አዳማ ነው ያደገው፣ ሳክራሜንቶ አካባቢ ይኖራል ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። እውነቱን ልናገር፣ የደወልኩት ተስፋ ቆርጬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤታችን ድረስ መጣ። መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ጫማውን አወለቀ። እማዬ እዚያ ምንጣፏን እንዳነጠፈች አይቶ ነው። ከዚያ ባትሪውን አላየም፣ ኢንቨርተሩን አላየም። መጀመሪያ እማዬን ጉልበት ስሞ ሰላም አላትና "እማማ፣ ማታ በስንት ሰዓት ይተኛሉ? ሌሊትስ ስንቴ ይነሳሉ?" ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እናቴ የጠየቀኝ ባለሙያ አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ በጀቴ ነበር።

ማሽኑን አስመጣ። ከቤታችን ገመድ ስቦ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ መለኪያ ሰካባት። "እማማ፣ እንደ ማታው ያድርጉና ጋደም ይበሉልኝ፣ ምን ያህል እንደሚበላ ልይ" አላት። እማዬ ጋደም አለች። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መለኪያዋን ያያል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እማዬ እውነተኛ እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔ ላነቃት ስል እጁን አነሳብኝ። "ተያት፣ ትተኛ" አለኝ በሹክሹክታ። ሥራው ይቀርብሃል፣ ሰዓትህ ይሄዳል ብለው "እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው፣ ስትተኛ ነው ማየት ያለብኝ" አለ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ ጊዜ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ያቀረብኩለት ቡና አጠገቡ ቀዘቀዘ፣ ሲኒው ሳህኑን ነክቶ ድምፅ እንዳያሰማ ብሎ ሳያነሳው። እማዬ ስትነቃ "ውይ ልጄን አስቀመጥኩት" ብላ ደነገጠች። እሱ ደብተሩን ዘጋና "ጨርሻለሁ እማማ፣ ተባረኩ" አላት። እኔ ይህን እስከምሞት አልረሳውም።

ከዚያ አስረዳኝ። ቴክኒኩ ብዙም አልገባኝም፣ የገባኝን ብቻ ልናገር። ማሽኑ ራሱ ብዙ አይበላም አለ፣ የሚበላው አየሩን የሚያረጥበው ውሃ የሚያሞቀው ክፍሉ ነው። "ሐኪሟን ጠይቂ፣ ጉዞ ላይ ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ። ያለ ሐኪም ግን እንዳትነኪው" አለኝ። ጠየቅን፣ ተፈቀደልን። ያ ሁለተኛው ሰውዬ ያስገባውን ኢንቨርተር አየና የሚያወጣው መብራት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ንጹህ አይደለም አለ። ንጹህና ንጹህ ያልሆነ መብራት እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለእማዬ ማሽን ደግሞ ኢንቨርተር ራሱ አያስፈልግም፣ በቀጥታ ከባትሪው በ12 ቮልት የሚሠራበት የራሱ ገመድ አለ አለኝ። እስቲ አስቡት፣ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው አያስፈልግሽም ሲለኝ! ኢንቨርተሩን ለሌላው ነገር፣ ለላፕቶፕና ለልጆቹ ኮተት ብቻ በሚበቃ ልክ በሌላ ቀየረው።

አራት ባትሪ እፈልጋለሁ ስለው ሁለት ይበቃሻል አለ። ሊቲየም ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የሚይዙት 100 አምፔር ሰዓት ነው። የድሮው ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ይጎዳል፣ ይኼኛው የያዘውን አብዛኛውን ይሰጥሻል አለኝ። ክብደታቸውም ከድሮዎቹ በጣም ያነሰ ነው። ውርጭ ላይ ግን ቻርጅ መደረግ የለባቸውም፣ ስለዚህ ውጭ ካለው ሳጥን አውጥቶ ውስጥ ከመቀመጫው ስር አደረጋቸው። መኪናው ሲነዳ ከሞተሩ እየሞላ የሚሄድበትን ነገርም አስገባ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር ሰቀለ። "ዛፍ ስር ከቆምሽ ግን ሶላሩን አትመኚው" አለኝ።

ለእማዬ ያስረዳበት መንገድ ግን ከሁሉም በለጠብኝ። "እማማ፣ ባትሪ ማለት እንደ ሮቶ ነው። ውሃ ስትጠፋ ሮቶ ውስጥ ያለውን ቆጥበው አይደል የሚጠቀሙት? መኪናው ሲሄድ ሮቶው ይሞላል፣ ሲቆም ከሮቶው ትቀዳላችሁ።" እማዬ ወዲያው ገባት። "ታዲያ እንጀራ መጋገር እንችላለን?" አለችው። ምጣዳችን ኤሌክትሪክ ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና "ጥቂት ይጋግሩ ይሆናል እማማ፣ ግን የጋገሩት ከሌሊት ትንፋሽዎ ላይ ይቀነሳል" አላት። ከዚያ ወዲህ እማዬ ምጣዱን ከቤት አታወጣም፣ ቡናዋንም በጋዙ ታፈላለች። ልጆቹ አላስፈላጊ መብራት ሲያበሩ "ትንፋሼን አጥፉልኝ እንጂ!" ትላቸዋለች፣ እነሱም ሮጠው ያጠፋሉ።

ሊጨርስ ሲል ደግሞ የጀነሬተር ጭስ ሲገባ የሚጮኸውን መሣሪያ ከግድግዳው ነቅሎ ጀርባውን አየ። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያገለግሉበት ዕድሜ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ያ ጭስ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለው። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ጎረቤታችን ባልና ሚስት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብተው ዘግተው ተኙ፣ ጠዋት አልተነሱም። እማዬ ናት በሩን ካንኳኩት አንዷ። ልጁ ምንም አላለም። ወደ ራሱ መኪና ሄዶ አዲስ አምጥቶ ሰቀለልን፣ ሒሳብ ላይም አልጨመረውም። ስጠይቀው "ይኼ ይቅር" አለኝ። ለሌላው ዕቃ ሁሉ የገዛበትን ደረሰኝ አስቀመጠልኝ፣ የእጁ ዋጋ ለብቻው ነው።

በግንቦት ተመልሰን ዮሰሚቲ ሄድን። በረዶው እየቀለጠ ፏፏቴው ሞልቶ ነበር፣ 739 ሜትር ነው የሚወርደው። እማዬ አንገቷ እስኪያማት ድረስ አየችው። ማታ ስንተኛ ባትሪው 96 ከመቶ ይላል። እኔ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስቼ አየሁ፣ ማሽኑ ይሠራል፣ እማዬ ተኝታለች። ንጋት ላይ 84 ይላል። እሷ ለጸሎት ስትነሳ ድምፅ የሚባል የለም፣ ወንዙ ብቻ ይሰማል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከአጠገባችን ያሉት ጀነሬተራቸውን ሲያስነሱ ነው የእኛ መኪና ውስጥ ምን ያህል ሰላም እንደነበረ የታወቀኝ። ስልኬን ሳይ ከልጁ አንዲት መልእክት አለች፦ "እማማ እንዴት አደሩ?"

እባካችሁ ሞተርሆም ያላችሁ፣ የምግብ መኪና ወይም የቡና መኪና ያላችሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያላችሁ ወገኖች፣ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ሳትጥሉ ለዚህ ልጅ ደውሉለት። እንደገና እላለሁ፣ ደውሉለት። የማይሆነውን አይሆንም ብሎ ይነግራችኋል። ለእኔም ኤሲ በእነዚህ ሁለት ባትሪዎች ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፣ ሁለት ሰዓት እንኳ አይቆይም ብሎ አስቀድሞ ነግሮኛል። በረሃ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እወቁ። ጀነሬተሩንም "አትሽጪው፣ ይቀመጥ" ብሎኝ አለ፣ ግን ከዚያ ወዲህ አስነስተነው አናውቅም። ቤታችሁ ማሽን ላይ የሚተኛ አባት ወይም እናት ያላችሁ ደግሞ በተለይ፣ እባካችሁ፣ አትዘግዩ። እኔ ስምንት ወር ዘግይቻለሁ፣ ያቺ ሌሊት አሁንም ትቆጨኛለች።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ። እናትህን በሰላም ያቆይልህ፣ የእናቴን እንቅልፍ እንደጠበቅክ እሱ ያንተን ይጠብቅ።

ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ ነው ያልጻፍኩት። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በደስታ እሰጣችኋለሁ። ሥራ ስለሚበዛበት ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። እማዬ ደግሞ ያን ቀን የቀዘቀዘበትን ቡና መካስ አለብኝ ብላ ለእሱ የሚሆን ጥሬ ቡና እየለቀመች ነው።