ፐርሴፕት ለሚጥል በሽታ፦ በአንጎል ውስጥ የሚተከለው ማነቃቂያ ሲገመገም

ሐኪም ለሚጥል በሽታ አንጎልን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃውን፣ የሜድትሮኒክ ኩባንያን ፐርሴፕት ሲያነሳ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያው ነው፤ “ከዚህ በኋላ አይጥለውም ማለት ነው?” መልሱ፦ አይደለም። መሣሪያው መጣሉን ይቀንሳል፣ ጥቃቱንም ያቀልላል፤ ለጥቂት ሰዎች ለወራት፣ አልፎም ከዚያ በላይ ያቆምላቸዋል። በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅልም። ይህን አውቆ ለሚገባበት ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው እንላለን። ሳያውቅ የገባበት ሰው በሦስተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ “አውጡልኝ” ይላል፤ መሣሪያው ደግሞ አቅሙን የሚያሳየው በዓመታት ነው።

ዕቃው ብዙ ክፍል የለውም። ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይወፍሩ ሁለት ኤሌክትሮዶች በራስ ቅል ላይ በተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች አልፈው በአንጎል መሃል ባለው ታላመስ ውስጥ ግራና ቀኝ ይገባሉ፤ ትክክለኛ ማረፊያቸው የታላመስ የፊተኛው ኒውክሊየስ የሚባለው የነርቭ ሴሎች ስብስብ ነው። ከኤሌክትሮዶቹ የሚነሳው ሽቦ ከቆዳ ሥር፣ ከጆሮ ጀርባና በአንገት በኩል ወርዶ ደረት ላይ ከተቀበረው ባትሪ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩም ባትሪው ውስጥ ነው። ታካሚው ስልክ የሚመስል መቆጣጠሪያ ይሰጠዋል፤ ዋናውን ማስተካከያ የሚሠራው ግን ሐኪሙ በራሱ ታብሌት ነው።

ቦታው ለምን ተመረጠ? ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል፣ ሐኪሞች ቴምፖራል ሎብ በሚሉት፣ ሂፖካምፐስ የሚባል አካል አለ። ከዚያ የሚነሳው የነርቭ መንገድ በዚህ ኒውክሊየስ በኩል አልፎ ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል ይደርሳል። ብዙ ጥቃቶች የሚዛመቱት በዚሁ መንገድ ነው፤ መሣሪያውም በር ላይ ቆሞ ይረብሻቸዋል። ይሁን እንጂ የማስታወስ ሥራም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። የመሣሪያው ጥቅምም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ስለሚመጡ ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

ዋናው ማስረጃ ሳንቴ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። ከፐርሴፕት በፊት የነበረው የዚሁ ኩባንያ መሣሪያ ለ110 ሰዎች ተተክሎላቸው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግማሾቹ ሲበራላቸው ግማሾቹ ሳያውቁ ጠፍቶ ቆየ። በዚያ ጊዜ ማብቂያ በበራላቸው መካከለኛው የጥቃት ቅነሳ 40.4%፣ ባልበራላቸው 14.5% ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቅነሳው 56%፣ በአምስተኛው 69% ደረሰ። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ለስድስት ወር ሙሉ በሙሉ ያልጣላቸው 16% ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከሦስተኛው ወር በኋላ ለሁሉም ስለበራ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፣ ከአንድ ዓመት በኋላም መድኃኒት መቀየር ተችሏል። የኋላው ቁጥር በሙሉ የመሣሪያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። መንገዱ ወደ መሻሻል መሆኑ ግን አያጠራጥርም። በሦስቱ ወራት ግልጽ ልዩነት የታየው ጥቃታቸው ከቴምፖራል ሎብ በሚነሳ ሰዎች ላይ ነበር።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ጥቃታቸው ከተወሰነ የአንጎል ክፍል ለሚነሳ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ሞክረው ላልተሻላቸው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ መነሻውን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነ ያ ይቀድማል፤ ጥቃቱን ጨርሶ የማቆም ዕድሉ በዚያ በኩል ይበልጣልና። ታካሚውን ሆስፒታል አስተኝቶ በቪዲዮ ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከቪዲዮ ጋር በሚቀዳ ምርመራ) ሳይከታተል፣ የኤምአርአይ ፎቶውን በቡድን ሳይመረምር ቀጥታ ወደ ፐርሴፕት የሚመራ ማዕከል ካለ ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ቀዶ ሕክምናው የሚጠይቀው ትልቁ ነገር ልክነት ነው። ዒላማው ትንሽ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ካለበት ክፍል ጎን ስለሚገኝ ኤሌክትሮዱ ሊንሸራተት ይችላል። በሳንቴ 8.2% በሚሆኑት ሰዎች ኤሌክትሮዱ ከዒላማው ውጭ ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪሙን “ከተከላው በኋላ ቦታውን በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ታረጋግጣላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በዚሁ ጥናት የተተከለበት ቦታ ኢንፌክሽን 12.7% በሚሆኑት ላይ ደርሷል። ምልክት ያሳየ የአንጎል ደም መፍሰስ ግን አልተመዘገበም። ቦታው ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ፈሳሽ ቢወጣው በዚያው ቀን መደወል ነው፤ ኢንፌክሽኑ ሽቦውን ተከትሎ ከወጣ መሣሪያውን አውጥቶ መጣል ሊመጣ ይችላል።

ከተከላ በኋላ ያለው ማስተካከያ ከቀዶ ሕክምናው የበለጠ ልዩነት ያመጣል ብንል አናጋንንም። የሳንቴ የመነሻ ቅንብር ይህ ነበር፦ በሰከንድ 145 ምት፣ እያንዳንዱ ምት 90 ማይክሮ ሰከንድ፣ ኃይሉ 5 ቮልት፣ አንድ ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ የሚያርፍ። ኃይሉ በአንዴ ከተጫነ ፊትና እጅ ላይ መውረር ወይም መደንዘዝ ሊሰማ ይችላል። በጥናቱም ሁለት ሰዎች ማነቃቂያው ሲበራ ጊዜያዊ ጥቃት መጥቶባቸዋል። ስለዚህ ቀስ እያሉ መጨመሩ ይሻላል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንን ከሆነም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ የሌሊቱን ኃይል መቀነስ ይቻላልና። እንቅልፍ ማጣት ራሱ የሚጥል መሆኑ አይዘነጋ።

ለሐኪሙ የሚጠቅመው የጥቃት መዝገብ ነው። ከተከላው ሦስት ወር በፊት ይጀመር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዓይነቱ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ክኒን ተረስቶ እንደነበር ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው፣ ቻርጅ የማይደረገው ፐርሴፕት ፒሲ የአንጎልን ምልክት ከኤሌክትሮዱ ራሱ መቅዳት ስለሚችል ይህን መዝገብ ያግዛል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ለሚጥል በሽታ በተፈቀደው አሠራር ፐርሴፕት ጥቃት ሲመጣ አይቶ አይደርስም፤ በተሰጠው ሰዓት ይመታል፣ ያርፋል። አይቶ የሚመልሰው ኒውሮፔስ የተባለ ሌላ ኩባንያ መሣሪያ ነው፤ እሱ ግን መነሻው አንድ ወይም ሁለት ቦታ መሆኑ ተለይቶ መታወቅ አለበት። በአንገት ነርቭ ላይ የሚጠመጠመው የቬገስ ማነቃቂያ ደግሞ አንጎል ውስጥ አይገባም። አንጎሉ እንዲነካ የማይፈልግ ሰው በዚያ ቢጀምር አንቃወምም፤ እሱን ሞክረው ያልተሳካላቸውም በሳንቴ ተካተው ነበር።

አሁን ወደ ማስታወሱና ወደ ስሜቱ። በሦስቱ ወራት በበራላቸው በኩል ድባቴ 14.8%፣ የማስታወስ ችግር 13% ተመዝግቧል፤ ባልበራላቸው ሁለቱም 1.8% ነበሩ። ከዚህ ቀደም ከባድ ድባቴ የነበረበት ሰው ከተከላ በፊት የአእምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቤተሰብ ደግሞ “ዝም አለ፣ ምግብ ቀነሰ፣ መኖር ሰለቸኝ አለ” የሚለውን ለውጥ እንደ ጠባይ መቁጠር የለበትም፤ ቅንብሩን በመቀየር ሊስተካከል ይችላል። ከተከላ በፊት የሚደረገው የማስታወስ ፈተና አማርኛ አፍ ለፈታ ሰው በእንግሊዝኛ ከተደረገ የሚለካው ቋንቋውን ነው። አሜሪካ ያላችሁ የሕክምና አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጅ ወይም ዘመድ ለዚህ ፈተና አይበቃም።

ባትሪ ምርጫ ላይ አቋም አለን። እ.ኤ.አ. በ2024 የተፈቀደው ፐርሴፕት አርሲ በቆዳ ላይ በሚደረግ ቻርጀር ይሞላል፣ ቢያንስ 15 ዓመት እንዲሠራ የተሠራ ነው። ወጣት ለሆነና ቻርጅ ማድረግን ለማይረሳ፣ ወይም አብሮት የሚያስታውሰው ሰው ላለ አርሲ ይሻላል፤ ፒሲ ሲያልቅ ደረት እንደገና ይከፈታል፣ በተከፈተ ቁጥርም የኢንፌክሽን ዕድል አለ። ብቻውን ለሚኖርና ማስታወሱ ለደከመ ግን ፒሲን እንመርጣለን። ሳይሞላ የቀረ ባትሪ የቆመ ሕክምና ነው፤ ጥቃት በድንገት ቢበዛ መጀመሪያ የሚታየው መሣሪያው በርቶ መሆኑ ነው።

መሣሪያው ገባ ተብሎ ክኒን አይቆምም። ጸበል ለመግባትም እንዲሁ። ቁስሉ ከሻረ በኋላ ውኃ መሣሪያውን አይጎዳውም፤ ክኒን በድንገት ማቋረጥ ግን ማቆሚያ የሌለው ጥቃት ሊያመጣ ይችላል። ለወገብ ወይም ለትከሻ ሕመም በሙቀት ሞገድ የሚሰጠው ዳያተርሚ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ኤሌክትሮዱን አግሎ አንጎልን ያቃጥላል። ኤምአርአይ ይቻላል፤ ነገር ግን ሞዴሉ ታይቶ፣ መሣሪያው አስቀድሞ ወደ ኤምአርአይ ሁነታ ተቀይሮ ነው።

ለረጅም ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ፣ ቅንብሩ የተጻፈበትን ወረቀት፣ መቆጣጠሪያውንና ቻርጀሩን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በሚሄድበት ከተማ ፐርሴፕትን የሚያስተካክል ታብሌትና የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ያረጋግጥ።