«የወለደች ሁሉ ያለባት ነው» ብለውኝ ነበር

ለመታከም የቆረጥኩት ስቅለት ዕለት ነው። ስግደት ላይ ነበርን። ሰግጄ ስነሳ ሽንት አመለጠኝ። ብዙ አይደለም፣ ግን ልብሴ ረጠበ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ ከግቢው ወጣሁና ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚያ አራት ዓመታት ሳስል ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል፣ ጀሪካን ሳነሳ ያመልጠኛል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጉንፋን ከያዘኝ ሞዴስ ሳላደርግ ከቤት አልወጣም ነበር።

ከዚያ በፊት ለአንድ የጤና ባለሙያ ነግሬ ነበር። የት እንደሆነ አልጽፍም። ከካርዱ ላይ ቀና ሳይል «የወለደች ሁሉ ያለባት ነው» ብሎ ሸኘኝ። እኔም አመንኩት። እናቴም እንደዚያው ነው የምትለው፣ ጎረቤቶቼም እንደዚያው።

አሁን የምጽፈው እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ስላገኘሁት የሴቶች ፊዚዮቴራፒ ነው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ። ደግሞ ልንገራችሁ የፈለግኩት ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ አገልግሎቱ ነው፤ እንደዚህ ያለ ሕክምና መኖሩን የማያውቁ ስንት ሴቶች እንዳሉ ስላየሁ።

ፊዚዮቴራፒ ሲባል እኔ የማውቀው ወገቡን ለታመመ፣ እጁ ለተሰበረ ወይም ስትሮክ ለመታው ሰው ነበር። ለዚህም እንደሚሆን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የመጀመሪያው ቀን 600 ብር ከፈልኩ፣ ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው 400 ብር። ርካሽ አይደለም። ግን ፊዚዮቴራፒስቷ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የወሰደችልኝ፤ እኔ በሕይወቴ ባለሙያ አንድ ሰዓት አዳምጦኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ጠየቀችኝ። ስንት ወለድሽ፣ ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ተሰፍተሽ ነበር ወይ፣ ሆድ ድርቀት አለሽ ወይ፣ በቀን ስንት ስኒ ቡና ትጠጫለሽ፣ ሌሊት ስንቴ ትነሺያለሽ። የሦስት ቀን ማስታወሻ እንድይዝም አዘዘችኝ፤ የጠጣሁትን፣ የሸናሁበትን ሰዓት፣ ያመለጠኝን ሁሉ። ከዚያ የፕላስቲክ የዳሌ አጥንት አውጥታ አሳየችኝ። ከፊት ካለው አጥንት ጀምሮ እስከ ኋላ ጭራ አጥንት ድረስ የተወጠረ ጡንቻ አለ፣ የዳሌ ወለል ይሉታል። የሽንት ፊኛውን፣ ማህፀኑን፣ አንጀቱን ከሥር የሚደግፈው እሱ ነው። «የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ጠፍሩ ሲላላ የተኛው ሰው ይሰጥማል። ያንቺም የላላው ጠፍሩ ነው፤ ጠፍር ደግሞ ይወጠራል።» ይቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

ምርመራው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችንን የሚያስፈራው እሱ ስለሆነ። በጓንት፣ በጣት፣ ከውስጥ ነው የምትመረምረው። ከመጀመሯ በፊት ምን እንደምታደርግ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ካልፈለግሽ እንቢ ማለት ትችያለሽ፣ መሃል ላይም አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ አለችኝ። አላመመኝም። ያን ቀን ያወቅኩት ነገር ግን ገንዘቤን ሁሉ የሚያወጣ ነው። እኔ እኮ ከቲክቶክ አይቼ ኬግል የሚሉትን፣ ይህን ጡንቻ የመጨበጥ እንቅስቃሴ ወራት ስሠራ ነበር! ጨብጪ ስትለኝ ግን እኔ ትንፋሼን ይዤ ወደ ታች ነበር የምገፋው። ወራት ሙሉ በተቃራኒው ስለፋ ነበር ማለት ነው። ይህን ከስልክ ላይ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ለዚህ ነው ባለሙያ ይያችሁ የምለው፤ እንቅስቃሴው ራሱ ነጻ ነው፣ ገንዘቡ የሚከፈለው በትክክል መሥራትሽን ለምታይልሽ ሰው ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ጋዝ እንዳያመልጠው እንደሚይዝ ሰው ከኋላ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ፊት፣ ከዚያ ሁለቱንም ወደ ላይ ወደ ውስጥ መሳብ። ትንፋሽ አይያዝም። ቂጥና ጭን አይጨበጥም። ከጨበጡ በኋላ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ መልቀቅ፣ እሱም ከመጨበጡ እኩል ሥራ ነው። ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። እየሸኑ መሃል ላይ ማቆምን እንደ ልምምድ እንዳትሠሪ ብላኛለች። ሌላው በጣም የጠቀመኝ ነገር፣ ከማሳሌ ወይም ከባድ ነገር ከማንሳቴ በፊት ቀድሜ መጨበጥ ነው። ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ፣ አሁን ግን ሳላስበው ይመጣል።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ኬግል የሚለው ስም የመጣው አርኖልድ ኬግል ከሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ነው፤ ስለዚህ እንቅስቃሴ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እናቴ እኔን ሳትወልድ ማለት ነው። እሷ ግን ሰምታው አታውቅም።

እናቴ መንዝ ነው ያለችው። ሰባት ወልዳለች፣ ሰባቱንም ቤት ውስጥ። ውሃና እንጨት ተሸክማ ያሳደገችን ሴት ናት። እኔ እየተሻለኝ ሲመጣ በስልክ ነገርኳት፣ ዝም አለች። ቆይታ «ልጄ፣ እኔስ የሚወጣ ነገር አለብኝ» አለችኝ። ስንት ዓመት እንደሆነ ስጠይቃት ካረጠች ጀምሮ አለች። ስልኩን ይዤ ደነገጥኩ። በክረምቱ ጭቃ አስመጣኋት።

ባለሙያዋ እናቴን የያዘችበት አያያዝ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል። «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ብርድ ልብስ ይልበሱ፣ አይቸኩሉ» እያለች። ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አካባቢው እየሳሳ እንደሚሄድ፣ የብዙ ወሊድና የብዙ ሸክም ሲጨመርበት ማህፀን ወደ ታች እንደሚወርድ አስረዳቻት። ገና ያልበረታ ከሆነ እንቅስቃሴው ስሜቱን ያቀላል። የእናቴ ግን አልፎ ሄዷል፣ ወደ ውጭ ወጥቷል። እዚህ ላይ ነው ይበልጥ ያመንኳት፤ «እኔ ብቻዬን አልመልሰውም» ብላ ወደ ማህፀን ሐኪም ላከቻት። ገንዘባችንን እየተቀበለች ለወራት ልታመላልሰን ትችል ነበር። ሐኪሙ ፔሳሪ የሚባል ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት አደረገላት፣ ቀዶ ጥገናም እንዳለ ነገራት። ከፊዚዮቴራፒስቷ ያገኘችው ደግሞ ለሆድ ድርቀቷ የሚሆን ምክር ነው። ማማጥ ያባብሰዋልና ተልባ በውሃ፣ ገብስ፣ በቂ ውሃ፣ ሲመጣ ሳይቆዩ ሽንት ቤት መሄድ። እቃ ስታነሳም አፏን ከፍታ እየተነፈሰች እንድታነሳ። እናቴ ተልባውን «ይሄንንማ ድሮም አውቀው ነበር» ብላ በጣም ደስ አላት።

የወንድሜ ሚስት ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሷም ሄዳ ተማረች፤ በእርግዝና ጊዜ የተጀመረ ልምምድ ከወሊድ በኋላ ሽንት የማምለጡን ዕድል ይቀንሳል። በኦፕራሲዮን የወለደች አይመለከታትም የሚል ወሬ አለ፣ ልክ አይደለም። ዘጠኝ ወር የተሸከመው ያው ጡንቻ ነው። በአራስነት ሆድን በመቀነት ማሰራችን ደግሞ ለወገብ ድጋፍ ይሰጣል እንጂ የታችኛውን ጡንቻ አያሠራውም፣ የሚሠራው ስትጨብጪው ነው። እና እባካችሁ፣ አራስን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አታሸክሟት፤ ያ 20 ኪሎ ነው።

ሁሉም ሴት መጨበጥ አለባት ማለት እንዳይመስላችሁ። አንዳንዷ ችግሯ ጡንቻው መላላቱ ሳይሆን ከመጠን በላይ መጨበጡ ነው፤ ግንኙነት የሚያማቸው፣ አዲስ ተጋብተው ያልቻሉ አሉ። ለእነሱ የሚሰጠው ማፍታታትና መተንፈስ ነው፣ ኬግል ሊያባብስባቸው ይችላል። ይህንም እዚያ ነው የሰማሁት፣ ያፍራሉ እንጂ ብዙ ናቸው አለችኝ።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙልኝ። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ያ ፌስቱላ፣ ማለትም ምጡ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የፈጠረው ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፣ በእንቅስቃሴ አይድንም። እነ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በነጻ ያክማል፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሽንት ላይ ደም ካያችሁ ወይም ካረጣችሁ በኋላ ደም ከመጣም ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እኔ በስድስተኛው ሳምንት ለውጥ አየሁ። በሦስተኛው ወር ሞዴሱን ተውኩት። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም፣ ኃይለኛ ጉንፋን ሲይዘኝ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። ግን ሽንት ቤት የት እንዳለ ሳልጠይቅ ሸዋ ሮቢት ድረስ በሚኒባስ ሄጄ መጥቻለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ናት የምትገባው፤ ቀጠሮ ይዤ ሁለት ሰዓት ተኩል የተቀመጥኩበት ቀን አለ። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እናቴን ደግፌ ነው ያወጣኋት። ዋናው ግን መጋረጃው ነው። የምትመረመሪበትን ቦታ ከሌላው ታካሚ የሚለየው አንድ ስስ መጋረጃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትከሻውን የሚታሸው ሰውዬ ሲያወራ ይሰማል፣ አንቺ ስትናገሪም እሱ ይሰማል። አንድ ቀን ከእኔ ቀጥላ የነበረች፣ ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ገብታ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ወጣች። ተከትያት ምን ሆንሽ ስላት «ወንድ አለ እኮ፣ እንዴት ልናገር» አለችኝ። ተመልሳ አልገባችም፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የክሊኒኩ ባለቤቶች ይህን ካነበባችሁ፣ ክፍያውንም ጥበቃውንም እንችለዋለን፤ ለዚያ ክፍል በር ሥሩለት።