የእርባታ ባንጋይ ካርዲናል ዓሣ ለደሴ ቤት

ባንጋይ ካርዲናል በቤት ገንዳ የሚቀመጥ ትንሽ የባሕር ዓሣ ነው፤ በእርባታ የተፈለፈለው ከባሕር ከተያዘው ዋጋው ቢወደድም እሱ ይመረጣል። ደረቅ መኖ ቶሎ ይለምዳል፤ የኢንዶኔዥያው የዱር ዝርያ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል ተመዝግቧል።

ለአንድ ጥንድ 110 ሊትር ገንዳ ይበቃል። ዓሣው የሚፈልገው የውሃ ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ስለሆነ ደሴ ላይ ማሞቂያ ግድ ነው፤ ኮምቦልቻ ቀለል ይላል። የአፍዴራ ጨው ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነውና። ለባሕር ገንዳ የተዘጋጀውን ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ይበጥብጡ።

ከባዱ ማጣመሩ ነው። ወንድና ሴቱን በመልክ መለየት አስተማማኝ አይደለም፤ ሻጭ «ጥንድ ናቸው» ቢል አይመኑ። አምስት ስድስት ትንንሾችን አብረው ያሳድጉ። ሁለቱ ተነጥለው ጎን ለጎን መዋኘትና ሌሎቹን ማባረር ሲጀምሩ፣ የቀሩትን በዚያው ቀን ያውጡ፤ ካልወጡ ተነካክሰው ይሞታሉ። እንቁላሉን በአፉ የሚታቀፈው አባትየው ነው። አንድ ወር ገደማ ምግብ ስለማይቀምስ አስቀድሞ በደንብ ይቀለብ። ከአፉ ለሚወጡት ልጆች አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ይስጡ።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ዓሣውን ቀድሞ የሚጎዳው ይህ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይገዙ ዓሣውን አይግዙ።